ከመታጠፊያው ጀምሮ

በገጠራችን ትልቅ ሰው አይሮጥም። ልጅ ይሮጣል፣ ጥጃ ይሮጣል፤ ትልቅ ሰው ከሮጠ ግን ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ሰው ሞቷል። እኔ ይህንን ሳላውቅ ጎልማሳ የሆንኩት ከተሜ ስለነበርኩ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ውስጥ ምስማርና ቆርቆሮ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኛ ልጆቹ ወላይትኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስንፈጭ ለመድነው እንጂ የገጠሩን ወግ ቁጭ አድርጎ ያስተማረን አልነበረም።

ሩጫ የጀመርኩትም ወድጄ አይደለም። አባቴን የገደለው ስኳር ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን ወሰደበት፤ በመጨረሻ ሱቁ በራፍ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ሲያይ ይውል ነበር። እኔም ወደ አርባው ስጠጋ ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለኝና ኦቶና ወዳለው ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ውጤቱን አየና «ከአባትህ ወርሰኸዋል። እግርህን ከፈለግከው አሠራው» አለኝ። ከኋላው ግድግዳ ላይ የውጭ አገር ካሌንደር ተሰቅሏል። አረንጓዴ ኮረብታ፣ በኮረብታው ላይ የሚጠማዘዝ ነጭ መንገድ፣ ግራና ቀኙን ቀጫጭን ዛፍ፣ በመንገዱ ላይ ቁምጣ ለብሰው እየሳቁ የሚሮጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ጣሊያን አገር ነው አለኝ። ሰዎች እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ለመሮጥ ብለው በአውሮፕላን ይሄዳሉ፣ ገንዘብም ይከፍላሉ አለኝ። ዳገት በገንዘብ የሚገዛበት አገር መኖሩን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ እየሳቁ! ከዚያ ወዲህ ብዙ ሮጫለሁ፤ አንድም ቀን ግን እየሳቅሁ ሮጬ አላውቅም።

በዚያ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ፣ ቅዳሜ ደግሞ ግምገማ። የዚያን ዘመን ግምገማ ያልደረሰበት ሰው ቢኖር፣ ሰው ሁሉ በየተራ እየተነሣ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን የሚናገርበት፣ ሌላው ደግሞ የጎደለውን የሚሞላለት ስብሰባ ነው። ደካማው ጎን ሁልጊዜ ይረዝማል። ደክሞኝ ነበር። የማስታውሰው ከሁሉ በላይ ድካሙን ነው፤ ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ፣ ማታ ስተኛ ከእኔ ጋር የሚተኛ ድካም።

መንገድ ፍለጋውም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብኝ። መጀመሪያ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ሞከርኩ። ሜዳነቱ ደግ ነው፤ ጠዋት ከሆነም ከሩቅ የአባያ ሐይቅ እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ነገር ግን የጭነት መኪናው ጭስ አለ፣ ከጭሱ የባሰው ደግሞ ተማሪዎቼ ናቸው። «ቲቸር! አይዞህ ቲቸር! ሊደርሱብህ ነው!» እያሉ ያጅቡኛል። ወደ ገሱባ የሚወስደውን ኮረኮንች ሞከርኩና ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኝ ሳምንት አነከስኩ። ስታዲየም ገባሁ፤ ወጣቶቹ ደጋግመው እየዞሩ ሲያልፉኝ አፈርኩ። የሒሳቡ መምህር በስታፍ ሩም ውስጥ ባየኝ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ገና እንቁላል ነበርኩ።

በመጨረሻ ያገኘሁት መንገድ ከሆስፒታሉ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ዳሞታ ተራራ የሚወጣውን ነው። ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ የእንሰት ጓሮ፣ ከእንሰቱ በላይ ባህር ዛፍ፣ ከባህር ዛፉ በላይ ጉም። በየደጁ የተጠረገ አረንጓዴ መስክ አለ፤ በመስኩ ላይ አንድ ላም ታስራለች። ሽቅብ ወጥተህ ዞር ስትል ሶዶ ከነቆርቆሮዋ ከስር ትታይሃለች፣ ከእሷ ወዲያ ቆላው ሁሉ እስከ ሐይቁ ተዘርግቶ። የካሌንደሩ አገር ከዚህ አይበልጥም። እውነቱን ለመናገር ግን ውበቱን ያየሁት ቆሜ ሳለከልክ ብቻ ነው። ለሚሮጥ ሰው አገር ማለት ከእግሩ ስር ያለው ድንጋይ ነው።

በዚያ መንገድ የሮጥኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ከፊቴ አይጠፋም። መጀመሪያ የነቁት ውሾቹ ናቸው። የአንዱ ደጅ ውሻ ሲጮህ ቀጣዩ ይቀበለዋል፤ እንዲያ እየተቀባበሉ ዳገቱን ከእኔ ጋር ወጡ። ቆም ብዬ ስራመድ ዝም ይላሉ፣ ስሮጥ ይጀምራሉ። ቀጥሎ ሰው ወጣ። መቆፈሪያውን የጣለ ወንድ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሁሉም ደጁ ላይ ቆሞ በድንጋጤ ያየኛል። «ማነው? ማን ሞተ?» ይላሉ በወላይትኛ። እኔ ትንፋሽ የለኝም፤ እጄን ብቻ አወዛውዛለሁ። እጅ ማወዛወዝ ደግሞ «አትጠይቁኝ» ማለት መሰላቸው። ዞር ስል ከኋላዬ አንድ መንደር ሙሉ ይከተለኛል።

መንገዱ ከላይ አንድ መታጠፊያ አለው። ከመታጠፊያው በላይ ያለው የመጀመሪያው ቤት የሁለት ሽማግሎች ነው፤ በኋላ እማማና አባባ እያልኩ የጠራኋቸው ባልና ሚስት። በዚያን ጊዜ የሰሜኑ የድንበር ጦርነት ነበር። አንድ ልጃቸው ግንባር ነው። እማማ ገና ከመታጠፊያው ስወጣ አይተውኛል። ስደርስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው መንገዱ መሐል ቆመዋል።

«ልጄ ነው?» አሉኝ።

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ። ዝምታዬን ሲያዩ መጮህ ጀመሩ፣ ከኋላዬ የመጡትም ተቀበሏቸው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ «የለም! ማንም አልሞተም! ስኳር አለብኝ!» ብዬ የጮህኩት በሁለት ቋንቋ ነው። ለጤናዬ እንደምሮጥ እስካስረዳ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሲገባቸው እማማ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው በቅል ውሃ አመጡልኝ።

«ከእንግዲህ ስትመጣ ከመታጠፊያው ላይ ሆነህ ሳሮ በል» አሉኝ። ሳሮ በእነሱ ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። «ሳሮ ብለህ ጩህ፤ የእኔ ልብ አይችልም።»

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሚቀጥለው ግምገማ ላይ «አንድ መምህር በማለዳ እየሮጠ ሕዝብ ያስደነግጣል» የሚል አስተያየት ከቀበሌ መጥቶ በደካማ ጎኔ ተያዘ። እንድታረም ተመከርኩ። የሒሳቡ መምህር እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን መንገዱን አልቀየርኩም፤ ሌላ መንገድ የምፈልግበት ጉልበት አልነበረኝም። ከመታጠፊያው ላይ «ሳሮ!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ እማማ ከጓሯቸው «ሳሮ!» ይሉኛል፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። መንደሩም ለመደኝ። የሚሮጥ ሰው ሲያዩ መቆፈሪያ መጣሉ ቀረ። ልጁም ከግንባር ከስቶ ግን ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። እማማ ያን ቀን ዶሮ አሳርደው ስለበላሁላቸው ዘመዴ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ የተቀቀለ ቦይና ካልበላህ ሲሉኝ ስኳሬን እየቆጠርኩ የመሸሹ ጭቅጭቅ ነበር፤ ቦይና ማለት እንደ ድንች ያለ፣ እነሱ የሚወዱት ሥራ ሥር ነው። «ሞት የማያሯሩጠውን ሰው ስኳር ያሯሩጠዋል» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አንድ ጠዋት ሽቅብ ስወጣ ከላይ ቃሬዛ ተሸክመው የሚወርዱ ወንዶች አገኘሁ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ቃሬዛው ላይ የነበሩት እማማ ናቸው። ሆዳቸው ማበጥ ከጀመረ ሰንብቶ ኖሯል፤ ደብቀውት ነው። እኔን ሲያዩ «ሳሮ» አሉኝ በደካማ ድምፅ። ልጁ ከኋላ ብርድ ልብስና ማሰሮ ይዞ ይከተላል። ሆስፒታሉ ተቀበላቸው፣ ልጁም አስታማሚ ሆኖ ቀረ።

ቤት የቀሩት አባባ ብቻ ናቸው። ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ ሜዳ ላይ በከዘራ ይሄዳሉ፣ ቁልቁለት ግን አይሆንላቸውም። አንድ ጊዜ በሰው ጀርባ ወርደው ሚስታቸውን አይተው መጡ፣ ያንንም ለብዙ ቀን ታመሙበት። ሞባይል ገና ወደ እኛ አገር አልደረሰም። ስለዚህ ወሬ አድራሹ እኔ ሆንኩ። ጎህ ሲቀድ ከቤት እወጣለሁ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ልጁን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ዳገቱን እወጣለሁ።

አባባ በወጣትነታቸው አዋሽ እርሻ ላይ ሲሠሩ የለመዱት አማርኛ ነበራቸው። እኔ በወላይትኛ ባወራቸውም መምህር ስለሆንኩ በአማርኛ ነው የሚመልሱልኝ፤ በአማርኛቸው ሚስታቸውም ወንድ ትሆናለች።

«መምህር፣ እሷ እንዴት አደረ? ምግብ በላ?»

«ደህና አደሩ አባባ። ትንሽ አጥሚት ቀምሰዋል።»

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ደጃቸው ላይ ከአቮካዶው ስር አንድ በርጩማ አለች፤ ከዚያች ላይ ሲቀመጡ መታጠፊያው ፊት ለፊት ይታያል።

«እኔ ከዚህ ሆኜ አንተን አያለሁ» አሉኝ። «ከመታጠፊያው እዚህ እስክትደርስ ልቤ ይሞታል። እንዲህ እናድርግ። እሷ ደህና ካደረ፣ ሩጥ። ካልሆነ በእግርህ ና። ቀስ ብለህ ና።»

«ሳሮ ብዬ ብጮህስ አባባ?» አልኳቸው።

«አፍ ሰውን ለማጽናናት ይዋሻል። እግር አይዋሽም።»

ሳቅሁና፣ አገሩ ሁሉ የሚሮጥ ሰው ሲያይ ሰው ሞተ ይላል፣ እርስዎ ደግሞ ገለበጡት አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ክፉ ወሬ ለምን ይቸኩላል? ቶሎ ማወቅ አልፈልግም» አሉ።

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ሳላስብ ነው። ውሎ ሲያድር ነው የገባኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ዳገት ላይ መራመድ ተከለከልኩ። በፊት ሲደክመኝ እራመድ ነበር፤ ማን ከልካይ አለኝ? አሁን ግን ከመታጠፊያው በላይ አንድ እርምጃ ብራመድ ሽማግሌው እማማን ይቀብራሉ። ፈተና ሳርም አምሽቼ ዓይኔ ሳይከደን ባደረበት ጠዋት፣ ሮጥኩ። ክረምቱ ገብቶ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ሲጠባው፣ ሮጥኩ። የወባ ትኩሳት እየለቀቀኝ እያለም፣ ሮጥኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ለስኳርህ ነው የምትሮጠው ለሰው ሚስት?» አለችኝ። ለሁለቱም አልኳት። «ሁለቱም ይገድሉሃል» ብላ የአንገት ልብሴን አስራልኝ ገባች።

ዘዴ ግን ፈጠርኩ። ከመታጠፊያው በታች አንድ ትልቅ ባህር ዛፍ አለ፤ ከአባባ በርጩማ አይታይም። እዚያ ድረስ ግማሹን እየሮጥኩ ግማሹን እየተራመድኩ እደርሳለሁ፣ ዛፉን ተደግፌ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ ላቤን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ከመታጠፊያው ላይ እንደ ሰው ሮጬ ብቅ እላለሁ። አባባ ከሩቅ ከዘራቸውን ያነሣሉ። ያቺን የከዘራ መነሣት ለማየት ስል ነበር የምሮጠው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

መልእክትም ይላላኩብኝ ጀመር። እማማ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ጥጃዋን እንዳይሸጥ በለው፣ አውቀዋለሁ» ይላሉ። አባባ «ጥጃው አድጓል በለው፣ እሷ ሲመጣ ያየዋል» ይላሉ። እማማ «ቤቱ እንደ በረት ሆኖ ካገኘሁት ተመልሼ ሆስፒታል ነው የምገባው በለው» ይላሉ። አባባ አንድ የበሰለ አቮካዶ ይሰጡኛል፤ በማግሥቱ ጠዋት በኪሴ ይዤ እገባለሁ። እማማ አይበሉትም፣ ግን ትራሳቸው አጠገብ ያስቀምጡታል። ይመለሳሉ ብዬ አምን ነበር። ያበጠው ሆዳቸው ጎደል ያለ፣ ፊታቸው የበራ ሳምንትም ነበር። ልጁ ቤቱን የሚለስን ሰው ፈልግ ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ስትመለስ አዲስ ቤት ታግኝ አለኝ።

ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ልጁ በሩ ላይ ራሱን ይዞ አገኘሁት። «ሌሊቱን አልተኛችም። አታውቀኝም» አለኝ። እያሰብኩ ዳገቱን ወጣሁ። ደህና ካደረ ሩጥ ነው ያሉኝ፤ ይህ ደህና ነው? ከባህር ዛፉ ስር ረጅም ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ በሕይወት ያለ ሰው ደህና ነው ብዬ ተረጎምኩት፣ ሮጥኩም። አባባ ከዘራቸውን አነሡ። ስደርስ ግን ብዙ አልጠየቁኝም፣ ውሃውን ብቻ ሰጡኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ልጁ ብቻውን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሽማግሎችና ከተማ የሚኖር አጎቱ አብረውት ቆመዋል። የሁሉም ነጠላ አለባበስ ተቀይሯል። ማንም ምንም ሳይለኝ አወቅኩ። እማማ ከንጋት በፊት አርፈዋል።

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ካለቀስኩ በኋላ «እንግዲህ ለአባባ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዛሬ አይነገራቸውም» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ። «ብቻቸውን ናቸው። ወንድማቸው ገሱባ ነው፤ ሰው ልከናል፣ ማታ ይገባል። አስከሬኑ ከተማ ዘመድ ቤት ይደር። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ሄደን በወጉ እንነግራቸዋለን።»

ወጉን አውቀዋለሁ። መርዶ ሰው ባለበት፣ ደጋፊ ባለበት፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ልክ ናቸው።

«እንግዲያው ዛሬ አልሄድም» አልኩ።

ልጁ ክንዴን ያዘኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ቲቸር፣ ከቀረህ ይጠረጥራል። ከተራመድክ ያውቃል። አንተ ራስህ ነግረኸኛል» አለኝ። «ሩጥ። እባክህ። ዛሬን ብቻ ምሳውን ይብላ።»

አራት ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እግሬን ያያል። ሮጥኩ።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ጀምሬ ሮጥኩ። ከቆምኩ የማለቅስ፣ ከተራመድኩ የምቀር መሰለኝ። ውሾቹ ጀመሩ፤ አንዱ ለአንዱ እየሰጠ። ሰዎች ከየደጁ «ሳሮ መምህር!» አሉኝ፤ እጄን አነሣሁ። ድካሙ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ወር እንደ ድንጋይ የጎተትኩት እግር ያን ጠዋት የሌላ ሰው ነበር። ባህር ዛፉ ጋ ስደርስ እንኳን ላርፍ ዞር ብዬም አላየሁት። ከመታጠፊያው ወጣሁ። አባባ በርጩማቸው ላይ ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። የካሌንደሩ ሰው እንኳን አይደርስብኝም ነበር።

አባባ ከዘራቸውን አላነሡም።

አጠገባቸው ቆምኩ። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። «ደህና አደሩ አባባ። አጥሚት…» አልኩ።

ቅሉን አቀበሉኝ። «ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁ።

«እኔ አንተን የማየው ከመታጠፊያው ብቻ ነው፤ የምሰማው ግን ከታች ጀምሮ ነው» አሉ። «ውሻ ለሚራመድ ሰው አይጮህም። ሁልጊዜ እነሱ ይጮሃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይጮሃሉ፣ ከዛፉ ጋ ደግሞ ብዙ ዝም ይላሉ። እኔም እላለሁ፣ መምህር ደክሞታል፣ አሁን አረፈ፣ አሁን ይመጣል። የደከመው ሰው የሚያመጣው ደህና ወሬ ነው። ዛሬ ውሾቹ ከታች እስከ ላይ አላቋረጡም።»

ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ሰው ለደህና ወሬ እንደዚህ አይሮጥም» አሉ።

ከእግራቸው ስር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባባ አልጮሁም። የከዘራቸውን ጫፍ ቀዩ አፈር ውስጥ ተከሉት፣ ነቀሉት፣ ተከሉት።

«ብቻውን ነበረ?»

«አልነበሩም። ልጅዎ እጃቸውን ይዞ ነበር።»

«ጥሩ» አሉ። ጥጃዋ ከመስኩ ላይ አየችን። ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሡ «መቼ ነው የሚመጡት?» አሉኝ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ። ወንድምዎም ከገሱባ ይመጣሉ።»

«እንግዲህ ይምጡ። እነሱ ወጉን ያድርጉ። ሽማግሎች ናቸው፣ ተቸግረዋል፤ እኔ ቀድሜ ካለቀስኩ ያፍራሉ» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «አንተም ለማንም አትናገር። አሁን በእግርህ ውረድ ልጄ። ይበቃሃል።»

ቤታቸው ውስጥ ማንም አልነበረም። አብሬያቸው ልዋል ብላቸው እንቢ አሉ፤ ሰው ያየናል፣ ያውቃል አሉ። ስለዚህ ወረድኩ። በዚያ መንገድ ከላይ እስከ ታች ስራመድ ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ሕፃን ያዘለችው ሴት ከደጇ ላይ «መምህር፣ ዛሬ ምነው በእግርህ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። እውነትም ደክሞኝ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ከሽማግሎቹ ጋር ከኋላ ሆኜ ወጣሁ። ወንድማቸው ከፊት ነበሩ። አባባ በርጩማቸው ላይ አልነበሩም፤ በር ሲንኳኳ ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሰው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ሽማግሌው ቃሉን በወጉ ጀምረው በወጉ ጨረሱ። ያኔ አባባ ጮኹ። ሁለት ሰው ይዟቸው ነው ያልወደቁት። ያ ጩኸት የማስመሰል አልነበረም፤ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ብቻቸውን ይዘውት የዋሉና ያደሩት ነው። እኔን ከሰው ኋላ አዩኝ፣ ዓይናቸውንም ቶሎ መለሱት።

ከቀብሩ በኋላ ሰው በየጥጉ ተቀምጦ ሳለ ልጁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እግዚአብሔር ይስጥህ ቲቸር» አለኝ። «ምንም አልጠረጠረም። ምሳውንም በልቷል ብለውኛል ጎረቤቶቹ፤ እራቱንም። በደንብ ሮጠሃል።»

«አሜን» አልኩት።

እግሮቼ ዛሬም አሉ፤ ሐኪሙ ልክ ነበር። ሩጫውን ግን ወደ አስፋልቱ መለስኩት፣ የጭነት መኪናው ጭስ ይሻለኛል። አባባ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ እሑድ እሑድ በዳሞታው መንገድ እየተራመድኩ ወጥቼ ከአቮካዶው ስር እቀመጥ ነበር። ውሾቹ ቀና ብለው ያዩኝና መልሰው ይተኛሉ።